የመጋዘኑ በር

ከኮምቦልቻ ጨርቃ ጨርቅ፣ ከቦርከና ወዲህ፣
አንድ መጋዘን አለ፣ በሩ እንዲህ እንዲህ፣
ወደ ግራ ያዘመመ፣ ማጠፊያው የዛገ፣
ቁልፍ ያልበቃው በር፣ ትከሻ የፈለገ።

ጋሽ አረጋ ይማም፣ የሒሳብ መምህር፣
ቅዳሜ ሁለት ሰዓት፣ ዝናብም ቢሆን አይቀር፣
ቁልፉን ያዞርና፣ አንድ እርምጃ ሸሽቶ፣
በቀኝ ጫንቃው ይለዋል፣ ጥርሱን ነክሶ ገፍቶ።
ሠላሳ አንድ ዓመት እንዲህ ሲከፍት ኖረ፤
የኮቱ ቀኝ ትከሻ ሳስቶ ተተረተረ።
በሩ ይጠገን ሲባል፣ "ብሩ ኳስ ይግዛበት፤
ጫንቃዬ በነፃ ነው" ይላል ሲስቅበት።

ውስጡ ብዙ የለም፤ አንድ ጥቁር ሰሌዳ፣
የፒንግፖንግ ጠረጴዛ፣ እግሩ የተጎዳ፣
ውድቅዳቂ ክር ለቅማ ከሌሊት ፈረቃ
የሞሚና እናት የቋጠረችው መረብ፣ አጥብቃ አጥብቃ፤
ደግሞም አንድ መዝገብ፣ ልባሱ የለፋ፣
ስማችን በእርሳስ ያለበት፣ ማንም እንዳይጠፋ።

አንድ ሰሞን ሹም መጣ፣ ባነር ሰቅሎ ሄደ፤
ጋሽ አረጋ ባነሩን ጣሪያ ላይ ወሰደ።
"የወጣቶች ልማት" ከሚለው ጽሑፍ ሥር
ተጠልለን ተማርን፣ ጣሪያው እስኪቀየር።

ስም ሲጠራ ዝም ካልን፣ "ቀሪ" አይልም ነበር፤
"ይዘገያል" ይጽፋል፣ በቀጭኑ መስመር።

አንድ ክረምት ሙሉ እኔ ስዘገይ፣
ድልድዩ ሥር ሆኜ ደራሽ ውሃ ሳይ፣
ኪሴ ውስጥ ጫት ይዤ፣ ትምህርቱን ጠልቼ፣
አባቴ ከሞተ ቤት መግባት ፈርቼ፣
መጣ። አልተቆጣም። ሱሪውን ሰብስቦ
ድንጋይ ላይ ተቀመጠ፣ ወደ እኔ ቀርቦ።
"የጠረጴዛው እግር ተሰብሮ፣ ሰው አጣሁ፤
ብየዳ ትችል እንደሁ ልጠይቅህ መጣሁ።"
አልችልም ነበረ፤ አሳምሮ ያውቃል፤
በማግስቱ ጠዋት ዑመር ጋራዥ ቆመናል።

ሁሉም አልተመለሰም። ጣሃ ባሕር ተሻግሮ
ድምፁ ከጠፋ አለ፣ ስድስት ዓመት ተቆጥሮ።
መዝገብ በተቀየረ ቁጥር ስሙን ያሻግራል፤
ከጎኑም በእርሳስ "ይዘገያል" ይላል።

ጡረታ ወጣና ቁልፉን ሰጠኝ ለእኔ፤
ዓርብ ማታ መጣሁ፣ ከነብየዳ ማሽኔ፤
ማጠፊያውን ቆርጬ አዲስ በየድኩለት፤
በጣት ይከፈታል፣ ዘይት ጠብ አርጌለት።

ቅዳሜ ሁለት ሰዓት፣ ልክ እንደ ልማዱ፣
ያ ኮት ብቅ አለ፣ ከዚያው ከመንገዱ።
ልነግረው ነበረ። አፌን ሳልከፍተው
አንድ እርምጃ ሸሸና በጫንቃው ሲመታው፣
በሩ ባዶ ሆነ። ጋሽ አረጋ ገባ፤
ተንደርድሮ ሄዶ ከመረቡ ተጣባ።

ልጆቹ ሳቁበት። እሱም አብሮ ሳቀ፤
መነጽሩን ሲያነሣ አንዱ ዓይን ወለቀ።
ጫንቃውን እያሸ አግዳሚው ላይ ተቀመጠ፤
በሩን አየት አርጎ መዝገቡን ገለጠ።
"አይታየኝም ዛሬ፤ በል አንተ ጥራ" አለኝ።
ጀመርኩ።
ጣሃ ጋ ስደርስ ግን ድምፄ ዘገየብኝ።