አርባ ግራም

ፋርካር ከጀልባ ሥራው ጡረታ ሲወጣ፣
የጓዳ ሚዛኑን በብብቱ ሸጉጦ ወደ ሱቄ መጣ።
«ጉልበቴ አርጅቷል፣ ኢሽቤል፤ ትከሻዬም ዝሏል።
ከእንግዲህ ለመሸከም ነፍሴ ብቻ ትበቃል።
ሸራ ሰፊ ነሽና፣ እስኪ እይልኝ ካለ፣
ከአልጋዬ በላይ የሚዘረጋ፣ ከላባ የቀለለ።»

አልጋው እግር የለውም፤ በሁለት ጥድ መሃል
በገመድ ተወጥሮ፣ ሲነኩት ይዋልላል።
ትልቅ ሰው የሚያዝል የጨርቅ ዥዋዥዌ ነው፣
ረግረጉን፣ ሥራሥሩን፣ ከታች የሚተወው።

ሦስት ጥቅል አወረድኩ፣ አቧራ አራገፍኩ።

አንደኛው ናይለን ነው፣ እንደ ሐር የለሰለሰ፤
ዋጋው አያስደነግጥም፤ ግን ዝናብ ከቀመሰ
ወገቡ ይላላና፣ እኩለ ሌሊት ላይ
ተነስቶ ማጥበቅ አለ፣ በካልሲ፣ ወይ ስቃይ!
ሁለተኛው ፖሊስተር፣ ቢርስም የማይለጠጥ፣
ማታ እንደወጠሩት የሚያነጋ ቀጥ።
በሃያ ግራም ይበልጣል። ሃያ ግራም ምንድን ናት?
«እፍኝ ዘቢብ» አለኝ ፋርካር። «ዘቢብ ለኔ እራት።»
ሦስተኛው የመርከብ ሸራ ዘመድ፣ ብርሃን የሚያሳልፍ፣
እንደ ብራና የሚንኮሻኮሽ፣ ዋጋው ኪስ የሚገርፍ፤
ሚዛኑ ላይ ሲያርፍ ቁጥሩ ፈራ ተባ እያለ፣
ሰው ረስቶት የሄደ እስኪመስል ቀለለ።
የፋርካር ዓይን እዚያ ተተከለ።

«ቅርጹስ?» አልኩት። «ይኸውልህ፣ ባለ ስድስት ማዕዘን፣
ጫፉ እንደ በር የሚዘጋ፣ የማያስገባ ነፋስን።»
«ያቺስ ትንሿ?»
                         «ሰያፍ ናት። ሁለት ካስማ ይበቃታል፤
ራስህን ስታለብስህ ግን እግርህ ይራቆታል።
የኛ ዝናብ፣ ፋርካር፣ መች ከላይ ብቻ ሊመጣ?
ካፊያ አለ፣ ዶፍም አለ፣ ጥሎ ጥሎ የሚወጣ፤
አጥንት የሚያበሰብስ ግን፣ ሰው ቤቱን የሚያስናፍቅ፣
ወጨፎ ነው፣ ወጨፎ፣ በአግድም የሚሾልቅ።»
«አርባ ዓመት» አለ፣ «አርባ ዓመት በፊቴ ተቀብዬው
ከማሌግ ወደ ስካይ ሰው አሻግሬያለሁ፤ ዛሬ ምን ልፈራ ብዬው?»

ያቺኑ ገዛ። ደግሞ መዘናት፣ ደግሞ መዘናት።
የገመዱን ትርፍ ጫፍ በመቀሴ ቆረጣት፤
የጥርስ ብሩሹን እጀታ እፊቴ ሰበረው፤
ደረሰኙን ሰጠሁት። መለሰልኝ። ከበደው።

ሰኞ ሄደ። ማክሰኞ ሌሊት ከሐይቁ ማዶ ነፋስ ተነሳ፤
የሱቄ ሰሌዳ ተገነጠለ፣ ጥዱ ሁሉ አገሳ።
ተኝቼ እሱን አሰብኩ። እግሮቹን አሰብኩ።

ረቡዕ ከሰዓት በር ላይ ቆመ፤ ከጢሙ ውኃ ይንጠባጠባል፣
ግንባሩን ትንኝ በልቶታል፤ እንደ ልጅ ግን ይስቃል።
«ራሴ ደርቆ አደረ፤ ሸራሽ አልዋሸም።
እግሬ ሌላ አገር ነበር፤ ክስ ግን አላመጣሁም።
ጎህ ሲቀድ፣ ብርሃኑ ሲሰርግ፣ ተንጋልዬ እያየሁ
የቤቴን ጠፈር ከሰማዩ ጠፈር መለየት አቅቶኝ ሳቅሁ።»

«ልቀይርልህ?»
                         እምቢ አለ፤ ሸራውን እቅፍ አደረገው።
ካፖርቱን ምድጃው አጠገብ ሰቀልኩ፤ ሻይ ቀዳሁለት፣ ጠጣው።
ከቁርጥራጭ ሳጥኔ የማይለጠጠውን መርጬ
በእግሩ በኩል ሁለት ክንፍ ቀጠልኩ፣ እስኪመሽ ተቀምጬ።
ስፌቱን በማጣበቂያ አሸሁት፣ ጫፉ ላይ ቀለበት አኖርኩ።
«ስንት ጨመርሽ?» አለኝ ፈርቶ።
                         «አርባ ግራም» ብዬ ተናገርኩ።

ዝም አለ። ሁለት እፍኝ ዘቢብ።

ከዚያ ቦርሳውን ፈታ፣ ሚዛኑን ጎትቶ አወጣው።
ይመዝናል ብዬ ስጠብቅ፣ ከክሮቼ ጎን አስቀመጠው።
«ለካ» አለ፣ «እስከ ጫካው ድረስ ተሸክሜው ኖሯል!
ይኼ ብቻውን ስድስት መቶ ግራም ይሆናል።»

አሁን እኔ ዘንድ ነው። ገበያ ሲቀዘቅዝ፣ ዝናብ መስኮቱን ሲመታ፣
መርፌ አኖርበታለሁ፤ ቁጥሩ አይነቃነቅም ላንዳፍታ።
ትናንት መሳቢያ ሳጸዳ ያንን ደረሰኝ አገኘሁ፤
አጣጥፌ አስቀመጥኩና ጎንበስ ብዬ አየሁ።
አንድ ግራም። እውነቱን ነበር።