የሽቦው እንቢታ

በዚያ በትብሊሲ ጥር፣ በግልዳኒ ሰፈር፣
ዘጠኝ ፎቅ ሙሉ ሰው በካፖርት ሲያድር፣
ከሆስፒታሉ መስመር፣ በሌሊት፣ በመሰላል፣
ቀጭን ገመድ ጠለፍን፤ «ሰረቃችሁ» ማን ይላል?
ለአራት ቤት አከፋፈልን፤ አራት ጡብ፣ አራት ጥምዝምዝ፤
ሁሉም ቀይ ፍም ሲጠብቅ፣ ሽቦው ግን ፍዝዝ።

«ተበላሸ!» አለ አባቴ ጉራም፣ ጡቡን በጥፊ ሲለው።
ላማራ ደግሞ ጉጠት ይዛ፣ «ሽቦውን እናሳጥረው?»

ናዚብሮላ ወረደች፣ የሰባተኛ ፎቋ፣
ፊዚክስ አስተማሪ፣ ደሞዝ ካየች ዓመቷ።
የእሷ ቤት ከመስመሩ የለም። ብብቷ ሥር መለኪያ፣
ያ ባለ መርፌው፤ እኔን ለሻማ ጠራችኝ ከወዲያ።

ቮልቱን ለካች፤ መቶ አሥር። ሁለት መቶ ሃያ ሲገባው!
አምፔሩን ለካች፤ ሁለት ተኩል። ጋዜጣ ዳር ላይ ጻፈችው።
«ቮልቱን ለአምፔሩ አካፍል» አለችኝ። ብርዱ ጣቴን በልቶት
አካፈልኩ፤ አርባ አራት ኦም። «አየህ? ጡቡ ምንም የለበት።
ኦም ማለት እንቢታ ነው፤ ሽቦ ‹አላሳልፍም› ሲል
ያ እልሁ ነው የሚያሞቀን። አሁን ደግሞ አባዛ በል።»

ሁለት መቶ ሰባ አምስት ዋት። ቮልቱ ሙሉ ቢሆን
ሺህ አንድ መቶ ነበረ። «ግማሽ ግፊት ሲጎድልብን
ሙቀት ሩብ ይሆናል፤ አምፔሩም አብሮ ይወርዳልና።»
አንድ ጉድለት ሁለቴ ይመታል፤ ያኔ አልገባኝም ገና።

«ታዲያ የቀረው ቮልት የት ገባ?» አለ አባቴ። መልስ የለም።
የላማራ ድመት ግን ሰሞኑን ቤት አታድርም፤
ደረጃው ሥር፣ ትርፉ ገመድ ተጠቅልሎ ባለበት፣
እምብርቱ ላይ ተኝታለች፤ በመስኮት የገባው በረዶ ቀልጦላት።

ናዚብሮላ ድመቷን አየች። ቆማ አየቻት። ሳቀች።
ገመዱን በመዳፏ ዳሰሰች፤ ቶሎ እጇን መለሰች።

አራት ጊዜ ሁለት ተኩል፣ አሥር አምፔር በዚህ ያልፋል፤
መቶ አሥር ቮልት እዚሁ ቀርቷል፤ አሥራ አንድ ኦም ይሆናል።
ሲባዛስ? ሺህ አንድ መቶ ዋት! አራታችን የሞቅነውን ያህል
ግድግዳውን፣ የማንም ያልሆነ ሌሊት ስናሞቅ ኖረናል።

እንቢታም ቦታ አለው፤ መንገድ ላይ «እንቢ» ካሉ
ስንቁ እዚያው ያልቃል፤ ቤት የሚጠብቁ ጦም ይውላሉ።

«አንድ ጡብ ብቻ ይንደድ» አለች። «አንድ ክፍል፤ አራት ቤት።»
አሰላን፤ አርባ አራትና አሥራ አንድ፣ ሃምሳ አምስት፤
አራት አምፔር፤ ለጡቡ መቶ ሰባ ስድስት ቮልት፤
ሰባት መቶ አራት ዋት። ጺያላ ቤት ይሁን፤ እሷ አራስ ናት።

ጡቡ ቀላ። መጀመሪያ እንደ ዝገት፣ ቀጥሎ እንደ ሮማን ፍሬ፤
የሚደርቀው የሕፃን ጨርቅ ይሸተኛል እስከ ዛሬ።
ላማራ ካልሲ ትሠራለች፤ አባቴ ያልታገለውን ትግል ያወራል፤
ናዚብሮላ መርፌዋን ታያለች። መርፌ ፊት ሰው ምን ይደብቃል?

በሦስተኛው ማታ መርፌዋ ዘንበል አለች፤ መቶ አርባ ሰባት።
«ሌላ ጡብ ነዷል» አለች ናዚብሮላ፤ ቁጥር አይዋሻት።
ቫርላም ነው፤ «ከሰው ጋር ተፋፍጌ አልቀመጥም» ያለ።
ወረድን። አንኳኳች። በበሩ ስንጥቅ «ልብስ እያደረቅኩ ነው» አለ።

«ይድረቅ» አለችው። «ወንበር ግን እኛ ጋ አንሶናል፤
አንተ ጋ ሁለት አለ። አምጣቸው፤ ቦታው ይበቃናል።»

መልስ አልሰጠም። በሩ ቀስ ብሎ ሲዘጋ ሰማን።
ተመለስን። ማንም ሳያወራ መርፌዋን ጠበቅን።
መቶ አርባ ሰባት።
መቶ አርባ ሰባት።
ሕፃኑ አነጠሰ። መቶ አርባ ሰባት።
ከዚያ፣ በአንድ ጊዜ፣ መቶ ሰባ ስድስት፤
ደረጃው ላይ የእንጨት ድምፅ፤ ሁለት ወንበር ሲጎተት።