ሦስተኛዋ ካንዴላ

ካውሃቫ፣ ፊንላንድ፤ በዘጠኝ ሰዓት መሽቶ፣
አርቱ ተንጋለለ ቮልቮው ሥር ገብቶ።
ዝገት ዐይኑን ሞልቶት፣ ጣቱ ደንዝዞበት፣
ቆርጦ አወለቀው ማርሚታውን ከአንገት።
ምሳ እየዘለለ ሁለት ወር ተርቦ
የገዛውን በየደ፣ ቀጥ ያለ ቱቦ።

ቁልፉ ሲዞርማ፣
መንደሩ ተናጋ፤ ከጣሪያ በረዶ
ተንዶ ወረደ፤ ውሻ ጮኸ ማዶ፤
ለሌሊት ፈረቃ ተኝታ የነበረች
ነርሷ ሂልካ በካልሲ ወጥታ ተሳደበች።
እሱ ግን ነዳጁን ደጋግሞ ይረግጣል፤
"አንበሳ ነው፣ ስሙት!" እያለ ይስቃል።

ሠላሳ ዓመት መጋዝ ጆሮውን የበላው
አባቱ ታፒዮ
ቀስ ብሎ ወጣና ኮፈኖውን ነካው፤
መዳፉን ዘርግቶ፣
ዐይኑን ጨፍኖ ቆመ፤ ጥቂት አለ ዝም።
"ሦስተኛዋ ካንዴላ ታነክሳለች፤ አትሰማም?"