ምትክ ቤት

ማመልከቻ የለው፣ ካርታም አላወጣ፣
ከፒያሳ ግንብ ላይ አንድ ነዋሪ መጣ።

ተሸክሞት የገባው ሎምበሶ ይባላል፤
ዲጂኖ ይይዛል፣ ግድግዳ ይጥላል።
በቀን ስድስት መቶ፣ ምሳ ከገዛ ኪሱ፣
ጭንብል ባጣ ጊዜ ሸሚዝ ነው መንከሱ።
አንድ ቀን ከድንጋይ ስንጥር ተፈናጠረ፤
አንጓው ውስጥ ገባና ጫፉ እዚያው ቀረ።
በምራቁ አብሶ ጥቂት ዝም አለ፤
ለስንጥር ተብሎ ማን ከሥራ ጎደለ።
በስድስተኛው ወር ኪንታሮት መሰለ፤
በዐሥረኛው አብቦ አበባ ጎመን አከለ።

ከዚያ ላይ በምላጭ ጤፍ ታህል ቀነሱ፤
በጠርሙስ ዘግተው ወደኔ አደረሱ።
ሌንሱ ሥር ሳየው ቡናማ ክብ ክብ ነው፣
የድሮ አምስት ሳንቲም ቆጥሮ እንዳስቀመጠው፣
ቅድሚያ የተከፈለ የቤት ኪራይ መስሎ።

ሦስት ሳምንት ጠበቅሁት። አይቸኩልም እሱ።
በአራተኛው ሰኞ ሣህኑን ስከፍት
ጥቁር ከፋይ ለብሶ ቁጭ ብሎ አየሁት።

አወቅሁት።

ዶሮ ማነቂያ፣ ከማድቤታችን ጀርባ፣
ግንቡ ላይ እንደ ዝንብ ኩስ ነቁጥ ነቁጥ ያለው።
እማዬ በዓል በመጣ ቁጥር በበረኪና ትፈትገው ነበር፤
ለሳምንት ይነጣል፤
ጥምቀት ሳይደርስ ተመልሷል።
«ተዪው፤ ከኛ ይልቅ እሱ ነው ነባሩ» ይላል አባባ፣
«ኪራይ አይከፍል፣ ቀበሌ አያውቀው።»

በጋ ጠበሰው፤ ቆየ።
ክረምት አሰጠመው፤ ቆየ።
ከታክሲ ጭስ ማታ ማታ እየቀመሰ፣
ከኖራው ጨው፣ ከቆርቆሮው ዝገት፣ ካገኘው እየላሰ
ሰው የማይኖረውን ኑሮ ኖረ።

ትምህርት ቤት እንዲህ ብለውን ነበር፦
የሰው ገላ ሙቀት ለሻጋታ ወገን የተዘጋ በር።
ሠላሳ ሰባት ዲግሪ፤ ጥቂቱ ነው የሚያልፈው።
እንግዲህ ቆርቆሮ ሥር፣ የመጋቢት እኩለ ቀን፣
ስድሳ ዲግሪ ለቀመሰ
ሠላሳ ሰባት ምኑ ነው?
ጥላ ነው።

ግንቡ ሲፈርስ እኛ ዕጣ ወጣልን፣
ኮዬ ፈጬ፣ አራተኛ ፎቅ፣ ውኃ ማክሰኞ ማክሰኞ የሚመጣበት።
እሱን የመዘገበ የለም። ካሳ ያለው የለም።
ምትኩን ራሱ ፈልጎ አገኘ፦
የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ቀኝ እጅ።

(አላዝንለትም። አንድ ግንብ ተደግፈን ስላደግን
ዘመዴ አይሆንም።)

ሎምበሶ ኮሪደሩ ላይ ተቀምጧል፣
የሆስፒታሉን ማለቴ ነው፣
ወረቀቱን በግራ እጁ ይዞ።
መድኃኒቱ በቀን ሁለት ፍሬ፣ ለስምንት ወር ነው።
ከጥቁር አንበሳ በር እስከ ጎማ ቁጠባ
አራት ፋርማሲ «የለም» ብሎታል፤
አምስተኛው አለው፤ ዋጋውን ሲነግረው
ሎምበሶ ስንት ግድግዳ እንደሚሆን በጣቱ ቆጠረ።

«እኔ ያላፈረስሁት የለም» አለኝ፣
እጅጌውን እየሰበሰበ፣
«መሠረቱ የት ጋ እንደሆነ ብቻ ንገሪኝ።»

መልስ አልነበረኝም።
ቁጥሩን ጻፍሁ፣ ሣህኑን አሸግሁ፣
ጠረጴዛዬን በበረኪና ፈተግሁት፣
ሁለት ጊዜ፤
ማዕዘኑን ሦስት።