መነሣት ክልክል ነው

ሐሙስ ማታ ነበር፣ ዜኒትሳ ከተማ፣
የፋብሪካው ፉጨት በጭጋግ ሲሰማ፣
እህቴ ጎትታ ከጂሙ በር ጣለችኝ፣
«ለአንድ ሰዓት ብቻ ግባ» ብላ ለመነችኝ።

ገባሁ። መጀመሪያ ያየሁት እግር ነው፣
ከግድግዳው ጥግ ሥር በተርታ የቆመው።
ከጉልበት በታች ነው ያንደኛው ቁመቱ፣
ያንደኛው ከጭን ነው፣ ብረት ነው አጥንቱ፤
ሁሉም ጫማ አጥልቋል፣ ክሩ ጠብቆ ታስሮ፣
ዳቦ እንደሚጠብቅ ሰው በሰልፍ ተደርድሮ።

ባለቤቶቹ ግን ወለሉ ላይ ናቸው፣
ከአምስት ዓመት ልጅ አይበልጥም መረባቸው፤
እጅ እግርም ሆኗቸው፣ እጅ እጅም ሆኗቸው፣
ተንፏቀው ይደርሳሉ ኳሷ ሳትቀድማቸው።

እኔ ከበሩ ሥር ቆሜ አፈርኩ በእግሬ፣
ሁለት ሙሉ እግር ይዤ፣ ካልሲዬን አሳምሬ።
ቁስሌ አይታይማ። ሐኪም አልሰፋውም፣
ጥይት አልገባበት፣ ጥይት አልወጣውም።
የኔ ቁስል ሌሊት ነው፤ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን
የማቀዝቀዣው ድምፅ «ተነሥ» ይላል፣ «አሁን!»
እነሣለሁ። በረንዳ። ብርድ። ጨለማ።
ሃያ ዓመት ሙሉ ዘብ፣ ለተኛች ከተማ።

ቀኑንም ያው ቃል ነው። ሐኪሙም፣ አጎቴም
«ተነሥ እንጂ» ይላሉ፤
«እንደ ሰው ቁም» ትላለች ተስፋ የቆረጠች ሚስቴም።

ኳሷ ሾልካ መጥታ ጫማዬን ነካችው።
አንስቼ ወረወርኩ።
ሸፊቅ የሚሉት ሰው መልሶ አንከባለላት።
«ይዘሃት ና» አለኝ።
«እኔኮ...» ብዬ እግሮቼን በጣቴ ጠቆምኩ፣
ይቅርታ እንደሚጠይቅ ሰው።
«እሱ ግድ የለም፣ ከኛዎቹ ጋር አቁመው፤
ማንም አይሰርቅህም።
ባለፈው ኔጃድ ተሳስቶ የኔን አጥልቆ ወጣ፤
ሁለት ቀን በኔ እግር ነው ገበያ የዋለ።»

ሳቁ። ጣሪያው አስተጋባ።
ጫማዬን አወለቅሁ፤
ከተርታው ጫፍ፣ ከኔጃድ ብረት አጠገብ አኖርኩት፤
ባዶውን፣ አፉን ከፍቶ።

ወለሉ ቀዝቃዛ ነው። ከዚያ ሆነህ ስታየው
ጣሪያው ይርቅሃል፣ ሰው ግን እኩያህ ነው።

የመጀመሪያዋ ኳስ ስትመጣ፣ ያው ባመሌ፣
ብድግ አልኩ።
ፊሽካ!
ራዚያ፣ ድሮ ሒሳብ ያስተማረች፣
በመነጽሯ ላይ አየችኝና ጣቷን ቀሰረች፤
«መነሣት ክልክል ነው።
መቀመጫህ ወለሉን ከለቀቀ
ነጥቡ የነሱ ነው።»

መነሣት ክልክል ነው።
ይህን ሕግ ያወጣው ሰው የት አገር ነው የሚኖረው?
እጁን ስሜ ልመለስ።
እዚህ የሚወድቅ የለም፤
ሁሉም የሚጀምረው ከወደቀበት ነው፤
ኳስ ሲያገለግልም፣ ሲሳደብም፣ ነጥብ ሲቆጥርም።

ተሸነፍን፣ ሃያ አምስት ለአሥራ አንድ።
ስድስቱ ነጥብ በኔ ነው የሄደ፤
ስድስት ጊዜ ተነሥቼ።
ማንም አልተቆጣኝ። ሐሲብ ብቻ
«ለሐሙስ ሙጫ ይዤልህ እመጣለሁ» አለ።

ከዚያ የባቄላ ሾርባ ከፔርሙስ ተቀዳ።
ስለ ጦርነቱ ማንም ትንፍሽ አላለ።
ስለ ጎማ ዋጋ ነበር ወሬው፣
ስለ ሸፊቅ ልጅ ሠርግ፣ ውርጭ ስለበላው ቲማቲም።
ራንኮ ከዶቦይ ነው የሚመጣው፤
በዚያን ዘመን ከወንዙ ማዶ ነበረ፤
ጨው ጠየቀ።
ጨው ሰጡት።

ያን ሌሊት፣ ዘጠኝ ሰዓት፣ ማቀዝቀዣው አጓራ።
ነቃሁ። «ተነሥ» አለኝ።
መዳፌ ቀልቶ ያቃጥላል፤
እግሬ ወለሉን ነካ፣
በረንዳው ሦስት እርምጃ ነው።
ካልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ አልኩ። ቁጭ እንዳልኩ ቀረሁ።
ሚስቴ በእንቅልፍ ልቧ «ምን ሆንክ?» አለችኝ።
«ምንም» አልኳት፣ «ሕጉ ነው።»
አልገባትም፤ ብርድ ልብሱን ስባ ተመልሳ ተኛች።