የትንንሾቹ ጥግ

ሮብሌ ባሕሩን በጀሪካን ይጭንልኛል፣
በአሥራ አምስት ቀን አንዴ ደጄ ድረስ ያደርስልኛል።
ባለፈው ደወሌ ላይ ፈታሹ ክዳኑን ከፍቶ
«ምንድነው?» ቢለው፣ ጣቱን ነክሮ አውጥቶ፣
«ውሃ ነው» አለው።
«ውሃም ከውጭ ይገባ ጀመር?»
ቀመሰው። ተፋው።
«ሂድ ወዲያ፣ ይሄ ለቀረጥም አይነገር።»

የድሬ ውሃማ ለዚህ አይሆንም፤
ኖራውን አዝሎ ነው እንጂ ባዶ እጁን አይመጣም።
የሻይ ማንቆርቆሪያዬን ጠይቋት፣
ስንት ዓመት ድንጋይ እንዳስረገዛት።
ደግሞ ሙቀቱ! በቀን ሁለት ሊትር ከገንዳው ይጠጣል፣
ጨውን ትቶ ውሃውን ብቻ መርጦ ይመጣል።
የጎደለውን የምሞላው ለባትሪ በሚሸጥ ውሃ ነው።
ሻጩ «ስንት መኪና አለህ?» ይለኛል።
ዝም እለዋለሁ።

ሠላሳ ዓመት ፉርጎ የበየደ እጄ
መስታወት በሲሊኮን ይለጥፋል ዛሬ፣ ከዚራ፣ ኒም ዛፍ ሥር፣ ደጄ።
ላይኛው ገንዳ ሳሎን ነው፤
ኮራሉ እንደ ሙሽራ ተኳኩሎ የሚቀመጥበት፣
ብርቱካናማው ዓሣ ለእንግዳ ጅራቱን የሚቆላበት።
ግን ቤት በሳሎን አይኖርም፤
ጓዳ የሌለው ድግስ ሳምንት አይከርምም።

ስለዚህ ከጠረጴዛው ሥር ሌላ ሣጥን አበጀሁ፣
በሁለት ክፋይ መስታወት ለሦስት ከፈልኩ።
ከላይ የሚወርደው በመጀመሪያው ይንፏፏል፣
በመሃሉ ረጋ ብሎ እንደ ሽማግሌ ያዘግማል፣
በሦስተኛው ፓምፑ ይዞት ሽቅብ ይመለሳል።
መሃሉ ላይ አሸዋ፣ አራት ጣት፤
የተሰባበረ ድንጋይ፤
እና እንደ ድስት ማጠቢያ ሽቦ የተጠላለፈ
አንድ ጭብጥ አረንጓዴ አልጌ፣
ሮብሌ በእርጥብ ጋዜጣ ጠቅልሎ ያመጣው።
ዓሣ አይገባበትም። ሕጉ ይሄው ነው።

ላይ ሲመሽ ታች ይነጋል፤
የሳሎኑ መብራት ሲጠፋ የጓዳው ይበራል።
አልጌው የላዩን እድፍ ሲበላ ያድራል።
በወሩ እቆርጠዋለሁ፤ ትርፉን የወይዘሮ ኢፍቱ ፍየል ትወስዳለች፣
ጨውነቱን ከለመደች ወዲህ በሬን በቀንዷ ትመታለች።

ስሙ ግን አስቸገረን።
መመሪያው «ሬፉጂየም» ይላል፤ ምላሴ ላይ አሸዋ ሆነ።
«መጠለያ በለዋ» አለች ዘይቱና፣ ከምትሰፋው ሳትቀና።
እኔ ዝም አልኩ።
ቆይታ እሷም ዝም አለች።
ያ ቃል እኛ ቤት እርጥብ ሸራ ይሸታል።
ዓመቱን ሙሉ አሸዋ ብቻ የሆነው ደቻቱ
በነሐሴ ሌሊት ወንዝነቱ ትዝ ያለው ጊዜ
ቆርቆሮ ጣራ ላይ ዘጠኝ ሆነን ወጣን፤
ስምንት ሆነን ነጋልን።
ከዚያ ድንኳን። ከዚያ ወረፋ። ከዚያ ያ ቃል።

ሮብሌ በሶማሊኛ «መገን» አለ፤
ለእኛ የዘፈን ቃል ሆነብን፣ ሳቅን።
ሂክማ፣ የልጄ ልጅ፣ ጠረጴዛው ሥር ተንበርክካ፣
«ጥግ ነዋ!» አለች፣ «ድብብቆሽ ስንጫወት የምገባበት።»
ጥግ። በቃ።

ትናንት ማታ መብራት ሄደ።
ፓምፑ ዝም ሲል ቤቱ እንዴት ይሰፋል!
ትንፋሽ እንዳያጥራቸው ውሃውን በጭልፋ አማሰልኩ፣
ሂክማ ባትሪ ይዛ፣ መነጽሬን ቀምታ።
መስታወቱ ላይ ከጤፍ ያነሱ ነጫጮች
ይሮጣሉ፣ ይቆማሉ፣ ይሮጣሉ፤
አንዷ ከጅራቷ ግራና ቀኝ
ሁለት የዕንቁላል ከረጢት አንጠልጥላለች።
«እዚህ ማንም አይበላቸውም፣ አይደል አባባ?»
«እዚህ አይበላቸውም።»
«ሽቅብ ሲወጡስ?»
ዋሽቻት አላውቅም።
«ዓሣው ይበላቸዋል።
ጥግ ላለመበላት አይደለም፣ ሂክማዬ፤
ከመበላት በፊት ለመውለድ ነው።»

አሰበች። ዘይቱና ከአልጋዋ ተገላበጠች፤
ሰምታለች።
ልጅቷ ባትሪውን አጠፋች፣ «ይተኙ» ብላ።
እኔ በጨለማ ማማሰሌን አልተውኩም።

ሊነጋጋ ሲል ፓምፑ ጉሮሮውን ጠረገ፤
የጓዳው መብራት በራ።
ፍየሏ በሩን መታች።