የኩዋባራ ግራ እጅ

በሐማማትሱ ከተማ፣ ከቴንርዩ ወንዝ ማዶ፣
የኅዳር ነፋስ ያፏጫል፣ ደርቆ እንደ ማገዶ።
ሰባ አንድ ዓመት የሞላው፣ ኩዋባራ የሚሉት፣
መሐንዲስ ነበረ፣ ጡረታ ያወጡት፤
ግድግዳው ላይ ዘጠኝ የፓተንት ወረቀት፣
ዘጠኝ ጊዜ መንግሥት «ፈጥሯል» ያለለት።

ምን ፈጠረ ካላችሁ፣ ዝምታን ነው የፈጠረው፤
የፒያኖ ቁልፍ ወርዶ ከሥር «ቷ» የሚለው፣
ያ የእንጨት ኮቴ፣ ያ ዜማ የሚያጎድፍ፣
እንዲጠፋ ብሎ ስንት ዓመት ሲነድፍ፣
ጥፍር የምታክል ሞላ ወጣች ከእጁ መዳፍ።
ሥራዋን ከሠራች አትሰማም ለማንም፤
ስሟን የሚያነሣ ፒያኒስት አላውቅም።

የመጨረሻው ፓተንት ጊዜው ያበቃ ዕለት
(አጭር ደብዳቤ ነበር፣ ማኅተም ያለበት)
ኮቱን ደርቦ ወጣ።
ከዓሣ ጥብስ ቤት በላይ፣ ደረጃው ጭስ ጭስ እያለ፣
የሙዚቃ ክፍል ነበር፤ ገብቶ «ልማር» አለ።

መምህሯ ቺጉሳ ናት፣ ልጅ እግር፣ ቁጥብ፤
የሁለት ገጽ ኖታ ዘረጋች እንዲያነብ።
«ፈጠራ ይሉታል፣ ዓይነቱ እንዲያ ይባላል፤
ለአንድ ሰው ተጽፎ ሁለት ሰው ይሆናል።»

«ምኑ ነው ፈጠራ?» አለ መነጽሩን አውልቆ፣
«ቀኝ እጅ ያወረደውን ግራ ሲቀበል ጠብቆ!
እኔ ዘጠኝ ጊዜ በተማጠንኩበት ቢሮ፣
እንዲህ ያለ ማመልከቻ ይመጣል ተመልሶ ዞሮ፤
‹ቀድሞ የታወቀ ነው› የሚል ማኅተም መትተው
ይልኩልሽ ነበር፣ ይግባኝም አሳጥተው።»

ቺጉሳ አልተከራከረችም።
በቀኟ ብቻ ሰባት ድምፅ አወረደች፣
ግራዋ ተቀበለች፣ ያንኑ ሰባት፣ ዝቅ ብላ፤
ቀኟ ግን ዝም አላለችም፤
ሌላ ነገር ይዛለች፣
ቃሏ ሲደገምባት ያፈረች ይመስል፣
ወይም ደስ ያላት።
ሽማግሌው ወደ ጣቶቿ ጎንበስ አለ፣
የተሰነጠቀ ማርሽ እንደሚመረምር።
«ያው ነው» አለ።
ቆይቶ፦ «ያው አይደለም።»

«በጥንቱ አፍ» አለች፣ «ቃሉ መፍጠር አልነበረም፣
ማግኘት ነበር።
ሰው ትንሽ ነገር ያገኛል፤
ከዚያ ውስጧ ስንት በር እንዳለ ያንኳኳል።»

(በእኔ ቋንቋ ደግሞ ፈጠራ ሲባል ውሸትም ነው፤
«የፈጠራ ወሬ» ሲባል እየሰማሁ ነው ያደግሁት።
ኩዋባራን ከየት አመጣኸው የሚለኝ ቢሮ ቢኖር
ከማመልከቻው ጋር የማያይዘው ንድፍ የለኝም።)

ያን ብርድ ሙሉ ለፋ። ግራ እጁ ሰነፈ፤
ቀኙ ጥሎት ሄደ፣ ሳይጠብቀው አለፈ።
በአንድ የየካቲት ሐሙስ፣ ግራው ሊቀበል ሲል፣
«ቷ» አለ አንዱ ቁልፍ፣ ኮቴ የሚመስል።
አሁንም «ቷ»። አሁንም። በሁለቱ ድምፅ መሐል
ሦስተኛ ሰው ገብቶ በከዘራ የሚሄድ ያህል።

ቺጉሳ ደነገጠች፦ «ይቅርታ! ፒያኖው አርጅቷል፤
ነገ ጠጋኝ ልጥራ፣ አንድ ሞላ ተሰብሯል።»
«ተዪው» አላት፣ ዓይኑን ከኖታው ሳይነቅል፣
«ሃያ ስምንት ዓመት ዝም ብላ ነበር።»

ግራ እጁ ዘግይቶ ደረሰ፣
ያቺኑ ቁልፍ
ፈልጎ መታት።